ከድርቆሹ ሥር የተነጠፈው ሸራ

ሸራ መስፋት ያቆምኩት የቀኝ አውራ ጣቴ እምቢ ስላለኝ ነው። ዓይኔ መነጽር ከተደረገለት እስካሁን ደህና ነው። ጣቴ ግን ወስፌውን ገፍቶ የታጠፈ ሸራ መብሳት ሲያቅተው፣ ሥራው እኔን ሳይተወኝ እኔ ተውኩት። መሸኛ ደብዳቤም ግብዣም አልነበረም። የመጨረሻው አሠሪዬ ወንድወሰን ትልቁን መቀስ በእራፊ ጠቅልሎ «እትዬ አስካለ፣ ይሄን ከእርስዎ ሌላ ማን ይይዘዋል» ብሎ ሰጠኝና ከሱሉልታ ሚኒባስ ላይ አሳፈረኝ። አሁን ሰበታ፣ ልጄ ቤት ነው ያለሁት። መቀሱ አልጋዬ ሥር ነው። አንዳንዴ አውጥቼ ዘይት እቀባዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የልጅ ልጄ የሲፈን የቤት ሥራ ነው። ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት መጥታ መጽሐፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«የቴትራሄድሮን የገጽታ ስፋት አውጡ ተብለናል።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«አራት ፊት ያለው ነገር ነው እማማ። ሁሉም ፊቶቹ ሦስት ማዕዘን ናቸው። ይሄኛው ደግሞ ሦስቱ ፊቶቹ አንድ ጫፍ ላይ በዘጠና ዲግሪ ይገናኛሉ ይላል። እኔ ግን ስዕሉ ጠፍጣፋ ሆኖብኝ አልታይ አለኝ።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እውነቷን ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያዩት የተሰነጠቀ መስተዋት ይመስላል። ቆየት ብዬ ሳየው ግን አወቅሁት። የድሮ ጎረቤትን ገበያ መሀል ድንገት እንደማየት ነበር። ጓዳ ገብቼ የሳሙና ካርቶን አመጣሁ፤ መቀሴን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ፤ የካርቶኑን አንድ ጥግ በሰያፍ ቆረጥኩና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

አገላብጣ አየችው። «ሦስቱ ፊቶች እነዚህ ናቸው። አራተኛውስ?»

«አራተኛው ባዶው ነው። አፉ። እኛ የምንሰፋው እሱን ነበር።»

«እናንተ እነማን?»

ይሄ ጥያቄ ነው ወደ ኋላ የወሰደኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ሸራ ላይ ነው። ዓለም ገና፣ ጅማ መንገድ ዳር የነበረው የመጀመሪያው ሥራ ቤታችን የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል፤ ባለመኪናው ስሙና የመኪናው ቁጥር ሸራው ላይ በቀለም እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ሌላ ሰው በጠመኔ ይነድፍልኛል፣ እኔ በብሩሽ እከተላለሁ። እንዲህ እያልኩ የሰዉን ስም ስከተል ከርሜ አንድ ቀን ሰበታ ገበያ መሀል አንድ ማስታወቂያ ራሴን ችዬ አነበብኩ። ስለ ሲሚንቶ ነበር። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሲሚንቶ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በጠመኔ የሚነድፉልኝ ሰው ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ቆራጭ ናቸው። በእኛ ሥራ ሰፊ ብዙ ነው፤ ቆራጭ ግን አንድ ነው፤ እሱ ከተሳሳተ የቀረነው ሁሉ ስህተቱን አጥብቀን እንሰፋለታለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠመኔያቸውን ጆሯቸው ላይ የሚሰኩ ሰው ነበሩ፤ ግራ ጆሯቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ሥራ የጀመርኩ ለት ወስፌ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ጥቅልል ክርና አንድ ቁራጭ ሰም ሰጡኝ።

«ክሩን በሰሙ እሺው» አሉኝ።

ስንት ቀን እንዳሸሁት እንጃ፤ ጣቴ ማር የነካ ይመስል ሁሉ ነገር ላይ ይጣበቅ ነበር። በመጨረሻ «ኦቦ ገመቹ፣ መስፋት መቼ ነው የምጀምረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሱታ» አሉኝ። ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ይቺን ቃል ለሰውም ለሸራም ለመቀስም ይሏት ነበር። ቸኩሎ የሚመጣ ሾፌር ሲያዩ ገና ሰላም ሳይሉት «ሱታ» ይሉታል። አንዱ ሾፌር ተናዶ «እኔ እኮ ገና አፌን አልከፈትኩም» ሲላቸው፣ «እግርህ ተናገረ» አሉት።

የሥራ ልማዳቸው ብዙ ነው፤ የማይረሳኝን ልናገር። አዲስ ሸራ ሲመጣ ወዲያው አይቆርጡትም። ውኃ አርከፍክፈው ያሳድሩታል፤ መኮማተር ያለበት እዚሁ እኛ ጋ ይኮማተር፣ ሰው ቤት ሄዶ አይጠርብን ይላሉ። እጃቸውን ሳይታጠቡ መቀስ አይነኩም። ከሁሉም በላይ ግን ካርቶናቸው ነበር። የማያውቁት ቅርጽ ሲታዘዙ ከጎረቤት ሱቅ ባዶ ካርቶን ይለምኑና በትንሹ አስመስለው ይሠሩታል፤ ያገላብጡታል፤ ከላይ በጣሳ ውኃ ያፈሱበታል። «ውኃው ያየሽውን ሁሉ ያያል፤ ያላየሽውንም ያያል» ይሉኝ ነበር። እኔ ታዲያ መጀመሪያ ላይ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ እስቅ ነበር። እሳቸው ስስቅባቸውም አይቆጡም፤ ካርቶኑን ብቻ አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዞሩታል።

ያ ቤት ሲዘጋ ቡራዩ ድንኳን ከሚሰፋ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ደህና ሴት ነበረች፤ ደሞዝ አታጓድልም፤ ግን ድንኳን ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ቀዳዳውን ከእኛ ቀድማ የምታገኝ ዓይን ነበራት። የሠርጉም የለቅሶውም ድንኳን አንድ ነው፤ ቅዳሜ የጨፈሩበት ሰኞ ይለቀስበታል። እዚያ የተማርኩት ገመድ የሚያልፍበትን ቀለበት መምታትና ገመድ መወጠር ነው። ድንኳን ሲወጠር ድምፁን ሰምቼ የቱ ጋ እንደላላ እለይ ነበር። ይሄን ያህል ዓመት ቡራዩ ኖሬ ከተማውን በደንብ አላየሁትም፤ አንገቴ ሁልጊዜ ሸራው ላይ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ያኔ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሱሉልታ ተመልሰው፣ ወንድወሰን የሚባል ወጣት አዲስ በከፈተው ሱቅ ይቆርጡ ነበር። አንድ ቀን ስልክ ደወሉልኝ። «አካም ጅርታ፣ አስካለ?» ብለው ደህንነቴን ጠየቁና መልሴን ሳይጠብቁ፣ «ነይ፤ እዚህ ጉም እንጂ አቧራ የለም። የእኔን ቁርጥ የሚሰፋልኝ ሰው አጣሁ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ብሎ ከጠራኝ ምን እጠብቃለሁ። ሄድኩ።

ሱሉልታ የላምና የሣር አገር ነው። ለጭነት መኪና ብቻ ሳይሆን ለድርቆሽም ሸራ ይፈለጋል። ከደንበኞቻችን አንዷ እትዬ ወርቄ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ላሞች ይዘው፣ ወተት እያቀረቡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ቀልደኛ ሴት። የዓመት ድርቆሻቸውን ግቢያቸው ጥግ፣ ሁለት የብሎኬት ግንብ የሚገናኝበት ላይ ከምረውታል፤ ጥጉ ላይ ከፍ ብሎ ወደ ታች እየተንሸራተተ ይሄዳል። በልግ ሊገባ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሱቃችን መጡ።

«ኦቦ ገመቹ፣ የዓመት ቀለባችን ሜዳ ላይ ተቀምጧል» አሏቸው። «ይሄ ድርቆሽ ከሻገተ ሐምሌ ሳይደርስ ላሞቹን መሸጤ ነው። ላሞቹ ከሄዱ ደግሞ እኔ ራሴ ሣር መጋጤ ነው።»

«ሱታ፣ ሱታ» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ነገ መጥተን እንለካለን።»

«ደመናውንም ሱታ ይበሉልኝ እንግዲህ።»

በማግስቱ ሄድን። ከጥጉ ላይ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ሚስማር መታን። በአንደኛው ግንብ ሥር ሁለት ሜትር፣ በሌላኛው አራት ሜትር ራቅ ብለን ምልክት አደረግን። ሸራው ከላይኛው ሚስማር ተነስቶ ወደ ሁለቱ ምልክቶች ይወርዳል፤ ድርቆሹን እንደ ነጠላ ይሸፍነዋል። ኦቦ ገመቹ ከሚስማሩ ወደ አንዱ ምልክት ሲባጎ ወጠሩና ቋጠሩ፤ ወደ ሌላውም ወጠሩና ቋጠሩ። ሦስተኛው ሲባጎ ነበር የቀረው፤ መሬት ለመሬት ከምልክት ወደ ምልክት የሚሄደው። እዚያ መሀል ደግሞ ድርቆሹ ተከምሯል።

ወንድወሰን መኪናውን እንዳስነሳ ነው። «ኦቦ፣ ሁለቱ ጎን ካለ ሦስተኛው የት ይሄዳል? ግንቡ እንደሆነ ስኳድራ ነው። ዝናቡ ደረሰ» አለ።

ኦቦ ገመቹ ግንቦቹን አዩ። ግንቦቹ እውነትም ስኳድራ ናቸው፤ ልክ በዘጠና ዲግሪ ይገናኛሉ። ዕድሜ ልካቸውን የቆረጡት የመኪና ሸራ ደግሞ ጥጉ ሁሉ ስኳድራ ነው፤ ቀጥ ካለ ጥግ ቀጥ ያለ ጨርቅ ይወጣል፣ እጃቸው ይሄን ነው የሚያውቀው። ሦስተኛውን ሲባጎ ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱ። በዚያ ቀን ካርቶን አልተለመነም።

ሱቅ ገብተን ሁለቱን ሲባጎዎች ሸራው ላይ በስኳድራ ዘረጉ፤ ቆረጡ፤ እኔ ጠርዙን አጥፌ ሰፋሁ፤ ቀለበት መታን፤ በዚያው ቀን ሰቀልነው። ስንሰቅለው ትንሽ ላላ ብሎ ነበር። መሀሉ ላይ ሆድ አወጣ። ድምፁንም ሰማሁ፤ ድንኳን ሲወጠር የሚሰጠውን ድምፅ አልሰጠም። እትዬ ወርቄ «ሸራው ምሳ በልቷል እንዴ?» ብለው ቀለዱ። ሁላችንም ሳቅን። ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ስለጀመረ ገመዱን ጠበቅ አድርገን ሄድን።

ዝናቡ እስከ ማግስቱ አላቆመም። እትዬ ወርቄ ነጠላቸው በስብሶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። በዚህ ቀን አልቀለዱም።

«ኑና እዩት» ብቻ ነው ያሉት።

ውኃው የሸራው ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ክብደቱ ቀለበቶቹን በጥሶ፣ ያ ሁሉ ውኃ አንድ ላይ ድርቆሹ መሀል ተደፍቶ ነበር። ከሥርም ከመሬቱ እርጥበት ተነስቶ የታችኛው እስር ጠቁሯል። እጄን ብሰደው ይሞቃል፤ ድርቆሽ ሊሻግት ሲል ይሞቃል። ላሟ አንዷ ከጀርባችን እየጮኸች ነበር።

ወንድወሰን ስለ ሸራው ጥራት፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ቀለበቱ መናገር ጀመረ። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ እትዬ ወርቄ ዞሩ።

«ሸራው ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉ። «ሦስተኛውን አልለካሁም።»

ኦቦ ገመቹ ይህን ብለው ሱሪያቸውን አጥፈው ድርቆሹ ውስጥ ገቡ። ያን ሽማግሌ ሰውዬ ስናይ ሁላችንም ተከተልን። የረጠበውን ከደረቁ ለየን፤ የረጠበውን በረንዳው ላይ፣ ሳሎን ውስጥ፣ የልጆቹ አልጋ ላይ ሳይቀር በተንን። ወንድወሰንም ጫማውን አውልቆ ተሸከመ። ትንሽ ቆይተው እትዬ ወርቄ ከሳሎን ሆነው «እንግዲህ ዛሬ ላሞቹ መጥተው እዚሁ ይተኛሉ፤ እኛ በረት እንገባለን» ሲሉ ስንሰማ፣ እየሳቅን ሌላ ሸክም አነሳን።

ኦቦ ገመቹን ከዚያ በኋላ ነው ይበልጥ ያከበርኳቸው። ሱቅ ስንመለስ ካርቶን ለመኑ። ጥጉን ቆረጡ። ባዶውን አፍ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በጠመኔ አሰመሩ፤ ከዚያ የማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን አንስተው በሦስቱም ጫፎች ላይ ሞከሩት። በአንዱም አልገጠመም። ሦስቱም ጠበብ ይላሉ።

«አየሽ፣ አስካለ?» አሉኝ በቀስታ። «ሦስቱ ፊት ስኳድራ ነው። አራተኛው የትም ላይ ስኳድራ የለውም። ይሄን ሁሉ ዓመት ስቆርጥ አንድም ቀን አላየሁትም።» ድምፃቸው ውስጥ ኀዘን ነበር፤ ግን መደነቅም ነበር፤ እንደ ሕፃን ካርቶኑን ደጋግመው ያገላብጡት ነበር።

ደረቁ ድርቆሽ ገና ጥጉ ላይ ስለተከመረ፣ እዚያ ሄዶ ሦስተኛውን ሲባጎ መወጠር አሁንም አይቻልም። ስለዚህ የእትዬ ወርቄን ጥግ ወደ ሱቃችን አመጡት። የሱቃችን ግድግዳ ጥግ ላይ በጠመኔ ሁለት ሜትር ከፍታ ምልክት አደረጉ፤ በአንዱ ግድግዳ ሥር ሁለት፣ በሌላው አራት። ሦስት ሲባጎ ወጠሩ። ሦስተኛውን ባዶው ወለል ላይ ሲወጥሩ ሁለቴ አረጋገጡት። ከዚያ አንዱን ሲባጎ ሸራው ላይ ዘረጉ፤ የሌሎቹን ሁለት ጫፎች እኔና እሳቸው ይዘን፣ አየሩ ላይ እያዞርን፣ የሚገናኙበትን ነጥብ ፈለግን። ተገናኙ። እዚያች ነጥብ ላይ ጠመኔያቸውን አሳረፉ።

ቆርጠን ስንሰቅለው ሸራው እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ድምፁን ሰማሁ። ያ ድምፅ ነበር።

ወንድወሰን የመጀመሪያውን ሸራ አጣጥፎ ወደ መኪናው ሲወስድ ኦቦ ገመቹ ጠሩት። «የት ነው የምትወስደው?»

«ለእራፊ ይሆናል እንጂ ምን ይሠራል? ተበላሽቷል እኮ።»

«አልተበላሸም። ቦታው አልነበረም።»

ሸራውን ተቀብለው፣ ደረቁን ድርቆሽ ወደ ጎን ካስነሱ በኋላ ባዶው ጥግ መሬት ላይ ዘረጉት። ያ ስኳድራ ጫፉ ሁለቱ ግንብ የሚገናኙበት ላይ ልክ ገባ፤ ሁለት ጎኖቹ በሁለቱ ግንብ ሥር ሄዱ። መሬቱ ስኳድራ ነዋ። የተረፈውን ወደ ውጭ አጠፉት። ለሁለቱ ግንቦችም ከአሮጌ ድንኳን ቆርጠን አለበስናቸው፤ ብሎኬት እርጥበት ይስባል። ድርቆሹ ሲደርቅ በአራቱም ፊት ሸራ ለብሶ ተመልሶ ጥጉ ውስጥ ገባ።

በሚቀጥለው ዝናብ እኔና ኦቦ ገመቹ ሳንጠራራ እትዬ ወርቄ ግቢ ተገናኘን። ውኃው በሸራው ላይ ተንሸራቶ እንደ ጣሪያ ጠፈጠፍ ዳር ዳሩን ይወርዳል። ኦቦ ገመቹ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከታችኛው ሸራ ላይ አስገብተው ዳበሱ። ሲያወጡት የእጃቸውን መዳፍ ለእትዬ ወርቄ አሳዩ። ደረቅ ነበር፤ ሁለት ሰበዝ ሣር ተጣብቆበታል። እትዬ ወርቄ ሰበዞቹን ከመዳፋቸው ላይ ለቀም አድርገው ለላሟ ሰጡ። «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑ በኦሮምኛ፤ አማርኛ ነበር የሚያወሩት ሁልጊዜ።

ላሞቹ ሐምሌን እዚያው በረት ውስጥ ተሻገሩ። ኦቦ ገመቹ ካረፉ ቆይተዋል። ለለቅሶአቸው የተተከለውን ድንኳን እኔ ነኝ የወጠርኩት፤ የላላ ቦታ አልነበረውም።

ይሄን ሁሉ ለሲፈን ስተርክላት እሷ ካርቶኑን እያገላበጠች ሰማችኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳች። «የእትዬ ወርቄን ጥግ ልሥራው» አለች። «ከፍታው ሁለት፣ አንዱ ሁለት፣ ሌላው አራት፣ አይደል?»

እንዴት እንደምትሠራ እያስረዳችኝ ሠራች። ስኳድራ የሆነ ሦስት ማዕዘን የአራት ማዕዘን ግማሽ ስለሆነ፣ ሁለቱን ጎን አባዝቶ ለሁለት ማካፈል ነው። ትንሹ ግንብ ሁለት ካሬ ሜትር። ትልቁ ግንብ አራት። መሬቱ አራት። «ለአራተኛው ደግሞ ዛሬ የተማርነው አለ» አለችኝ። «የሦስቱን ፊቶች ስፋት እያንዳንዱን በራሱ ታባዣለሽ፤ ትደምሪያለሽ፤ ከዚያ በራሱ ተባዝቶ ያንን የሚሰጠውን ቁጥር ትፈልጊያለሽ። አራት፣ ሲደመር ዐሥራ ስድስት፣ ሲደመር ዐሥራ ስድስት፤ ሠላሳ ስድስት። ስድስት በስድስት ሠላሳ ስድስት። ሸራው ስድስት ካሬ ነበር እማማ።»

ያለ ሲባጎ። ድርቆሹን ሳይነካ። ያልለኩትን ፊት ከለኳቸው ከሦስቱ ማውጣት ይቻላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው እጁን ብስመው ደስ ይለኛል፤ ኦቦ ገመቹ ቢሰሙት ደግሞ ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው አውርደው «ድገሚልኝ» ይሏት ነበር። እኔም ደግማ እንድታስረዳኝ አደረግኩ።

«የተበላሸውስ ስንት ነበር?» አልኳት።

እሱንም አሰላችው። ከስድስት ትንሽ በለጥ ይላል። ትርፉ አንዲት የራስ ሻሽ ታህላለች። ያን ሁሉ ውኃ ያቆረችው ያቺ ሻሽ ነበረች።

ሲፈን መደመር ጀመረች፤ ሁለቱን ግንቦች ጻፈች፤ ስድስቱን ጻፈች። እስክሪብቶዋን አፏ ላይ አድርጋ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ይሄ የታችኛው ግን መሬት ላይ ነው ያለው፤ አይታይም» አለች። «እሱም ይደመራል?»

«ከእሱ ጀምሪ» አልኳት።